ደፍ ላይ የቆሙት

ያ ክፍል ዛሬ የለም። ግድግዳውን አፍርሰው ከጎረቤቱ ጋር ቀላቅለውታል፤ በእኛ ቦታ ፍሪጅ የሚያክል ማሽን ቁጭ ብሏል። ናሙና የያዘውን የመስታወት ስላይድ በአንድ በኩል ይጎርሳል፣ ቆጥሮ ቁጥሩን በሌላ በኩል ይተፋል። ባለፈው ሰሞን ለጡረታ ወረቀት ሄጄ በበሩ መስታወት አየሁት። አጠገቡ አንድም ሰው የለም። ጨዋታ የለ፣ ጠብ የለ። እንዲህም አድርጎ ሥራ አለ እንዴ ብዬ ወረቀቴን ሳልጨርስ ተመለስኩ።

እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሥጋ ቆርጫለሁ። ይህን ስናገር ሉካንዳ ቤት የሚመስለው አይጠፋም፤ አይደለም። ከታማሚ ሰው ላይ የተወሰደች ቁራጭ ስትመጣ ሰም ውስጥ እናስቀምጣታለን። ሰሙ ሲደርቅ በማሽን ምላጭ ከፀጉር ቀጥና እስክትታይ እንቆርጣታለን፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፈን በስላይድ መስታወት እናነሳታለን፣ ቀለም እናጠጣታለን። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚናገረው። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ ቦርሳዬ ሳይቀር ሰም ሰም ይሸት ነበር። ባለቤቴ በሰው ፊት "እኔ እኮ ሻማ ነው ያገባሁት" እያለ ያሾፍብኛል። "ለዚያ ነዋ ቤትህ የበራው" እለዋለሁ እኔም። መቼስ ዝም ብዬ አላድርም።

ለዚህ ነው መሰል ትልቁ ዶክተር "ምላጭ" የሚሉኝ። በእጄ ስለያዝኩት ይሁን አፌ ውስጥ ስላለው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸው። "ትልቁ" የምንላቸው በቁመት እንዳይመስላችሁ፤ ማይክሮስኮፑ ጋ ለመድረስ ወንበራቸው ላይ ሁለት ያረጁ የስልክ ማውጫ መጻሕፍት ደርበው ነው የሚቀመጡ። ትልቅነታቸው በዕውቀትና በዕድሜ ነበር። ሥራ ሲጀምሩ ግራ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ለምን ግራውን ብቻ እንደሆነ የጠየቃቸው ሁሉ የተለየ መልስ ነው ያገኘው። ስላይድ ሲያዩ በካልሲያቸው ውስጥ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ እኔ ከቁርጤ ቀና ብዬ እግራቸውን በማየት ነገሩ ከባድ ይሁን ቀላል አውቃለሁ።

የምንጣላው በመስኮት ነበር። እሳቸው አየር ይወዳሉ። እኔ ደግሞ ነፋስ ከገባ ስንት ሰዓት የለፋሁበትን ያን ስስ የሰም ጥብጣብ ከእጄ ላይ ይዞብኝ ይሄዳል። ይከፍታሉ፣ እዘጋለሁ። ይከፍታሉ፣ እዘጋለሁ። "አንቺ ውሃ ቀጠነ ብለሽ የምትጣዪ" ይሉኛል። "ውሃው ሳይሆን ቁርጤ ነው የቀጠነው" እላቸዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት በዚያች መስኮት ተጣላን፤ አሁን ሳስበው ያን ያህል የሚጣፍጥ ጠብ ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

የክፍላችን ዋና ሥራ ጉበት ነበር፤ የጉበት ካንሰር። በመጀመሪያው ዓመቴ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በአንዴ በሚያይበት ማይክሮስኮፕ አስቀመጡኝና፣ "ሰውነት ዘበኞች አሉት" አሉኝ። ዘበኛ የሚሉት የደሙን ነጭ ሴል ነው፤ በሽታን የሚዋጋውን። በልዩ ቀለም ሲነከር ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። "ካንሰር ሲበቅል ዘበኞቹ ይመጣሉ። አንዳንድ ሰው ላይ እስከ ውስጥ ገብተው ይተናነቃሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ዙሪያውን ከበው ይቆማሉ እንጂ አይገቡም።"

"ለምን አይገቡም?" አልኩ።

"ይሄ ካንሰር የሚሉት ወሬኛ ነው። በር ላይ ወጥቶ በወሬ ይይዛቸዋል። የገቡትንም ቢሆን አደንዝዞ ያስተኛቸዋል።"

ሥራችን እነዚህን መቁጠር ሆነ። ካንሰሩ ውስጥ አሥር ቦታ ይመረጣል፤ በእጅ የምትጨበጥ መቁጠሪያ አለች፣ አንድ ዘበኛ ባየን ቁጥር በአውራ ጣት ጠቅ እናደርጋታለን። የሚቆጠሩት የገቡት ብቻ ናቸው። ታዲያ እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ልክ ድንበሩ ላይ የተደረደሩትንም ደመርኳቸው። ትልቁ ዶክተር ቁጥሬን አይተው፣ "ደፍ ላይ የቆመ ሰው ገባ ይባላል?" አሉኝ።

"ወጣስ ይባላል?" አልኳቸው።

ሦስት ቀን ተከራከርን። በአራተኛው ቀን በእጅ ጽሑፋቸው "ደፍ ላይ ያለ አይቆጠርም" ብለው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ክርክሩ በዚያ አበቃ፤ እኔ ግን አልተረታሁም፣ ዝም ነው ያልኩት።

ሌሎችም ሕጎች ነበሯቸው። አንድን ስላይድ ሁለት ሰው ለየብቻው ይቆጥራል፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ አጥፎ የእስክሪብቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሲከፈት ልዩነቱ ከአሥር ካልበለጠ አማካዩ ይያዛል። ከበለጠ ሦስተኛ ሰው ይቆጥራል፤ የተሳሳተው ደግሞ የራሱን ቁጥር በራሱ እጅ ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ጽፎ ይፈርማል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ናሙና የሚመጣው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም፣ የማን እንደሆነ ያወቅሽ ዕለት እጅሽን አንሺ ይላሉ። አንድ ጊዜ የአክስቴ ናሙና መጣ። አወቅኩት፣ እጄን አነሳሁ፣ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያን ዕለት ሕጉ ምንም አልከበደኝም። አክስቴን ብዙም ስለማልወዳት ይሆናል።

ትልቁ ዶክተር ጡረታ ሲወጡ በእሳቸው ቦታ ትንሿ ዶክተር መጣች። ጎበዝ ናት፣ ጨዋ ናት፣ መስኮቱን ዝጊ ስላት ትዘጋለች። ምን ዋጋ አለው፤ ክፍሉ ጭር አለብኝ። ደግነቱ ትልቁ ዶክተር ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ፣ የእኔና የትንሿ ቁጥር ያልተስማማበትን ሦስተኛ ዓይን ሆነው ይቆጥሩልን ነበር።

በዚያን ሰሞን አንድ ጥናት ተጀመረ። የተኙ ዘበኞችን የሚቀሰቅስ የተባለ አዲስ መድኃኒት ነው፤ በቀዶ ጥገና የማይሆንላቸው የጉበት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ይሞከራል። ግን ለሁሉም አይሰጥም፤ ካንሰሩ ውስጥ የገቡት ዘበኞች ቢያንስ ሃምሳ ለሆኑለት ሰው ብቻ ነው። የሁሉም ሆስፒታሎች ናሙና ለቆጠራ እኛ ጋ ይመጣል። ከሃምሳ በታች የሆነበት ሰው በሩ ተዘጋበት ማለት ነው።

አንድ ረቡዕ ጧት ስልክ ተደወለልኝ። የትልቁ ዶክተር ባለቤት ናቸው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው።

"ትናንት ጉበቱን በመርፌ ነኩት" አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "ሁለቴ ነው የወጉት። የመጀመሪያው ተሰበረባቸው። ቀዶ ጥገና አይሆንም ብለዋል። የቀረው ያ ጥናት ነው አሉን። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስምሎኛል፤ እኔ ግን አንቺን ከማንም አልቆጥርሽም።"

ምንም አልለመኑኝም። ቢለምኑኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀሱና ዘጉት።

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ናሙናው መጣ። በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ክር ነው የሚመስለው። ሁለት ክር ነበር፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ለሁለት የተሰበረ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ እኔ ግን አወቅኩት። እጄን ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁም። ሌላ ሰው የእሳቸውን ጉበት ሲቆርጥ እጄን አጣምሬ ቆሜ ልይ? መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና ራሴ ቆረጥኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ጥብጣብ አላወጣሁም።

ቀለሙ ጨርሶ ለቆጠራ የደረሰው በሳምንቱ ሐሙስ ጧት ነው። ተቀመጥኩና ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ቦታ ስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ዙሪያውንማ አትጠይቁኝ፤ ዘበኛው ተሰልፏል፣ ተጋፍቷል፣ ውጭው ቡናማ ሆኗል። ከእነዚያ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ልክ ድንበሩ ላይ ናቸው። ግማሽ ገላቸው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። አሥራ ሁለት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ፣ መልሼ ስላይዱን አየሁ።

አሰብኩ። ትንሿ ዶክተር ሁልጊዜ ከእኔ አምስት ስድስት አብልጣ ነው የምትቆጥር። አርባ ሰባት ብትል፣ እኔ ሃምሳ ሦስት ብል፣ ልዩነቱ ስድስት፣ አማካዩ ሃምሳ። ገቡ ማለት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሃምሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አጠፍኩና ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ሳጥኑ እኩለ ቀን ላይ ተከፈተ። ትንሿ ዶክተር በዚያ ቀን ብቻ ከእኔ አሳንሳ ሠላሳ ዘጠኝ ብላ ቆጥራለች። ልዩነቱ አሥራ አራት። "እንዴ፣ እኛ እኮ እንዲህ ተለያይተን አናውቅም" አለች ወረቀቶቹን እያገላበጠች። "እንኳን ዛሬ ሐሙስ ሆነ። ትልቁ ዶክተር ይቁጠሩልን።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። "ሌላ ሰው ብንፈልግ አይሻልም?" አልኳት።

"ከእሳቸው የተሻለ ማን አለ?"

እውነቷን ነው። ያኔውኑ "ዋሽቻለሁ" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እሳቸውም ስላይዱን አያዩትም። ግን ካልኩ ተስፋቸውም አብሮ ማብቃቱ ነው። ደግሞ ምናልባት አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ይሳሳቱ ይሆናል የሚል የማይረባ ተስፋ ያዘኝ። ሰው ሲጨንቀው የሚወዳቸውን ሰዎች ዓይን እንኳ እንዲፈዝ ይመኛል። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን ሰማሁ።

ከስተዋል። የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቶባቸዋል። "ምላጭ፣ እንዴት ዋልሽ" አሉኝና እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ዞር ብለው አዩኝ።

"ምነው ዛሬ አልዘጋሽውም?"

"የሚቆረጥ የለኝም" አልኩ።

ትንሿ ዶክተር ስላይዱን ሰጠቻቸውና ስብሰባ ተጠርታ ሄደች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ግራ ጫማቸውን አወለቁ፣ የስልክ ማውጫዎቹ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ከሩቅ ነው የሚያዩት፤ ጠቅላላውን ቅርጽ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ። ከሩቅ ሲታይ ሁለት ክር ነው፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ የተሰበረ።

ካልሲያቸው ውስጥ ጣቶቻቸው ቆሙ።

ከዚያ መቁጠሪያዋን አነሱና ጀመሩ። ጠቅ። ጠቅ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ንጹሕ የሆነ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ፤ ጆሮዬ ግን አብሯቸው ይቆጥራል። ሃያ። ሠላሳ። ሠላሳ አምስት ላይ ውሃውን ዘጋሁት። ዞር አልኩ። መጨረሻው ቦታ ላይ ደረሱ።

"አርባ" አሉ።

"እንደገና ይቁጠሩት" አልኳቸው።

ወንበራቸውን አዞሩ። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ስለ መስኮት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ደፍ ተከራክሬያቸዋለሁ፤ እንደገና ይቁጠሩ ብዬ ግን አላውቅም።

"ሃምሳ ሦስት ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ደፍ ላይ ያሉትን አስገባሻቸው።"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብዬ አየሁ።

"ከዚያ ክርክራችን ወዲህ አንድም ቀን ከእኔ አብልጠሽ ቆጥረሽ አታውቂም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ባለቤቴ ደውላልሽ ነበር?"

እዚያው ቆሜ፣ እርጥብ እጄን ሳላደርቅ አለቀስኩ። እሳቸው ጠበቁኝ። ማልቀሴን ስጨርስ ደግሞ ንዴት መጣብኝ። "እርስዎስ? ገና ሲያዩት አላወቁትም? የተሰበረውን ክር አላዩትም?"

"አየሁት። ሐኪሙ 'ይቅርታ አባቴ፣ አንዴ ልድገም' ሲለኝ ነቅቼ ነበር።"

"ታዲያ እጅዎን ለምን አላነሱም? ያወቅሽ ዕለት እጅሽን አንሺ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉ። "ማየት አማረኝ። የስንቱን ሰው ሳይ ኖሬ፣ የራሴን አንዴ ባይ ምን አለበት ብዬ ነው።" ከፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር ገፉልኝ። "ነዪ፣ እዪ።"

ተቀመጥኩ። አብረን አየን። ማይክሮስኮፑ ውስጥ የምትታየውን የማመልከቻ ቀስት በድንበሩ ዙሪያ ቀስ እያደረጉ ወሰዷት። "ስንት ናቸው እስቲ" አሉ። "ማንም ሳይጠራቸው እኮ ነው የመጡት። እስከ ደጅ ድረስ መጥተዋል።" ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። የልጆቹን ውጤት የሚያይ አባት ድምፅ ነበር፤ አላለፉም፣ ግን ለፍተዋል። ያን የተናገሩት እኔን ለማጽናናት ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወረቀቴን ገፉልኝ። "በይ አስተካክዪ።"

"አላስተካክልም።"

"ምላጭ።"

"ደፍ ላይ የቆመ ወጣ አይባልም ብያለሁ፣ ያኔም ብያለሁ።"

"ብለሻል" አሉ። "ምናልባትም ልክ ነሽ። አንድ ቀን እነሱም ይቆጠሩ ይሆናል። ግን ለእኔ ብቻ ተብሎ ከተቆጠሩ፣ ይህ መድኃኒት ለማን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም። ነገ አንዱ ሐኪም ይሠራል ብሎ ለማይሠራለት ሰው ይሰጠዋል። የእኔን ቁጥር ተዪው፣ አልጽፈውም፤ እኔ ማየት አልነበረብኝም። የትንሿ ሠላሳ ዘጠኝ ይበቃል፤ እሷ የማን እንደሆነ አታውቅም። ያንቺ ግን እንዲህ ሆኖ አይቀመጥም። ያየሽውን ጻፊ።"

ሃምሳ ሦስትን ሰረዝኩ። አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ለዚህም ራሴን ይቅር ያልኩት ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር ኖሩ። ስድስቱን ወር ሐሙስ ሐሙስ መጥተዋል። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላነሳንም፤ ስለ መስኮቱ ግን ተጣላን፣ እኔም ሆን ብዬ ነበር የምዘጋው።

ሰዎች "ጸጸተሽ ወይ?" ይሉኛል። መዋሸቴ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ሌላ ነው። ያን ጧት አርባ አንድ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ሠላሳ ዘጠኝና አርባ አንድ ተስማምተው ሳጥኑ ይዘጋ ነበር። እሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ሐኪማቸው ፊት፣ ባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው "አልሆነም" ይባሉ ነበር። እትዬ እጃቸውን ይይዟቸው ነበር። በእኔ ውሸት ግን በአንድ እግር ጫማ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን ነገር በራሳቸው አውራ ጣት ቆጠሩት።

ደግሞም ተስፋ አድርገው ነበር። አርባኛዋን ጠቅ ካደረጉ በኋላ ወዲያው አልተናገሩም። አውራ ጣታቸው መቁጠሪያዋ ላይ እንደተነሳ ቀረ፤ በሌላ እጃቸው ስላይዱን ቀስ እያደረጉ የመጨረሻውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ዞረው፣ መልሰው ዞረው፣ ሌላ አንዲት ፈለጉ። ከዚያ ነው ጣታቸውን አውርደው "አርባ" ያሉት። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእትዬም አልነገርኳቸው።